ሦስት ጦርና አንድ ነጭ ጨርቅ

ልጄ አራት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። በዕብራይስጥ የተተየበ ነው፤ ፊደሉን ለኔ ዓይን ብላ አተልቃዋለች፣ መስመሩንም አራርቃዋለች። «አባ፣ የምታነበው ይህን ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ አይሞላም» አለችኝ።

ልጄ ሻምበል ናት። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በተጠባባቂነት እየተጠራች ወራት ትከርማለች፤ እኛ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ሻአሪያ ሠፈር ያለነው ቤተሰቦቿ የምናያት የቆሸሸ ልብሷን በከረጢት ይዛ ስትመጣ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ስላት «ቲኡም» ትለኛለች፤ ማስተባበር ማለቷ ነው። ከንግግሯ ለቃቅሜ የገባኝ ይህ ነው፦ ምድር ጦሩ «እዚያ ቤት ውስጥ ጠላት አለ» ይላል። አየር ኃይሉ «እኔ እመታዋለሁ» ይላል። ባሕር ኃይሉ «ለኔ ይቀርባል» ይላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ዒላማውን ማን እንደሚመታ፣ መቼ፣ በምን፣ አጠገቡስ የወገን ሰው አለ ወይ የሚለውን ከመተኮሱ በፊት ማስማማት ነው ሥራዋ። የሚያስፈልግ ሥራ ነው። እንደሚያስፈልግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚያናድደኝ ትናንት የፈለሰፉት ይመስል ሲያወሩት ነው። ሰው ጓደኛውን ላለመምታት ስብሰባ ይጠራል? ይጠራል። ምሳም ይቀርብለታል።

«የጦር ክፍሎችን ቅንጅት ማሻሻል» የሚባል የጥናት ቀን ተዘጋጅቷል አለችኝ። አጠገባችን ጋኔይ ቲክቫ ከተማ የሚኖረው አዛዧ፣ እኔ አባቷ በኢትዮጵያ ወታደር እንደነበርኩ፣ የወገን አውሮፕላንም እንደደበደበኝ ሰምቷል።

«እና እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«የሰው ታሪክ ይፈልጋሉ።»

«የራሳቸው ሰው የላቸውም?»

«አባ፣ ያላ፣ በቃ፣ አትጀምር።»

ገባኝ። መኮንን ከምሳ በኋላ ያንቀላፋል። እንዳያንቀላፋ የሚያነቃው ያስፈልጋል። ዘፋኝ ውድ ነው፤ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ በነጻ ይመጣል፣ ሲጨርስም ያጨበጭቡለታል፣ እሱም እጅ ነሥቶ ይሄዳል።

ወረቀቱን ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድኩ አነበብኩት። ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ዕብራይስጡን በሠፈራችን የትምህርት ማዕከል ከሥራ መልስ፣ አማርኛውን ከዚያ በኋላ ምኩራብ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ። ስለዚህ እንደ ተማረ ሰው እየዘለልኩ አላነብም። የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። የተጻፈው ልጆቼን እየነገርኳቸው ያሳደግኩበት ታሪክ ነበር፦ የወገን አውሮፕላን በስህተት እንደደበደበን፣ ከዚያም ጓዶቼ ተነሥተው «ይህ ፈላሻ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ በላቸው» ብለው አጥንቴን እንደሰበሩት። መጨረሻው ላይ ልጄ ከራሷ ጨምራበታለች፦ «ከጥላቻ የሚያወጣን መነጋገር ብቻ ነው።» ደስ ይላል። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል።

ታሪኩ ውሸት አይደለም። ጎዶሎ ነው። አውሮፕላኑ እንዳይመታን ማድረግ የሚችለው ትእዛዝ ያን ቀን በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህን ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ልጄ አለቆቿ ፊት ቆሜ ጎዶሎውን እንዳነብላት ትፈልጋለች። ካነበብኩት፣ እስከ ዛሬ የኔ ብቻ የነበረው ውሸት የሷም ይሆናል። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ የምታውቀውን አባቷን በአደባባይ እነጥቃታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ጋራ ላይ መሽገን ነበር። ወደ ጦሩ ወድጄ አልገባሁም፤ ከገበያ ታፍሼ ነው። የመቶ አለቃችን አባቴ ሸማኔ መሆኑን ሲሰማ «እንግዲያው ጨርቅ ታውቃለህ» ብሎ የጨርቁን ሥራ ሰጠኝ። የወገን አውሮፕላን ሲመጣ ከምሽጋችን ፊት ሁለት ረዣዥም ነጭ አቡጀዲ በመስቀል ቅርጽ እዘረጋለሁ። አብራሪው ከላይ ነጩን ሲያይ ወገን ነው ብሎ ያልፋል። «ፈላሻው ዛሬም መስቀል ሊያነጥፍልን ነው» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛ አንድ የደባርቅ ሰው ነበር። ክርስቲያን ነው። እኔ ከክርስቲያን ጋር መብላት ወጌ አልነበረም፤ ጦር ሜዳ ግን ወግ የለም፣ ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። «ከቡዳ ጋር ትበላለህ?» ሲሉት «እስካሁን አልበላኝም፤ ሥጋዬ ሳይመረው አይቀርም» ይላቸዋል። በዚያ ሁሉ ወታደር መሃል ለኔ ጥርሱን ለፌዝ ያላሳየ እሱ ብቻ ነው።

ጠላት ሞኝ አልነበረም፤ እሱም ነጭ ጨርቅ መዘርጋት ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ግራ ገባቸውና ቦምባቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ስለዚህ አየር ኃይሉ ብቻውን ቁጭ ብሎ ወሰነ፦ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ወገን ቀይ ይዘርጋ፣ ነጭ ያለበት ይመታ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀዩን ጨርቅ ማን ይሰጣል? ሥንቅና ትጥቅ ክፍል። ለሥንቅና ትጥቅ ክፍል ማን ነገረው? ማንም። ምድር ጦሩ ተስማምቷል? ወረቀት ይላክለታል። እንዲህ ነው ሦስት ጦር አንድ ጋራ ላይ የሚዋጋው፤ ሦስት ሰው አንድ ድስት ያማስላል፣ ጨው መግባቱን የቀመሰ የለም።

ወረቀቱን የያዘው መልእክተኛ ዳገቱን እያለከለከ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። የመቶ አለቃው በወባ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ማንበብ የሚችለው ጸሐፊያችን ሥንቅ ሊያመጣ ወርዷል። መልእክተኛው የጨርቁ ኃላፊ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ።

«ለነገ ጠዋት ነው። አንብበህ ለአለቃህ ንገረው። ገባህ?»

«እሺ» አልኩት።

እሺ። በኛ አገር ለበላይ የሚሰጠው መልስ ይህ ብቻ ነው። ቢገባህም እሺ፣ ባይገባህም እሺ፣ ልታደርገው ባታስብም እሺ። «አልገባኝም» ያለ ጋጠወጥ ነው። «ማንበብ አልችልም» ማለት ደግሞ ለኔ ከዚያ ይብስ ነበር፤ ፈላሻ መባሉ ሳያንሰኝ ደንቆሮ ልባል? መልእክተኛውም እሺታዬን ይዞ ወረደ። እሱም ለላከው «ደርሷል» ይላል፣ የላከውም ለበላዩ «ታውቋል» ይላል። አንድ የኔ እሺ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ወጣች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ጸሐፊው ሲመለስ ያነብልኛል አልኩ። ጸሐፊው ሳይመለስ ነጋ።

ጠዋት የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ሮጬ ወጥቼ ነጩን ጨርቅ ዘረጋሁ። ነፋስ ነበርና ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ጫንኩት። የደባርቁ ሰው ሊያግዘኝ ወጣ፤ የተጨማደደውን በእጁ ያቃናልኝ ጀመር። ተጨማሪ ድንጋይ ላመጣ ዞር ስል ነው አውሮፕላኑ የመታን። እሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች እዚያው ቀሩ።

ሦስት መኮንኖች ሊመረምሩ መጡ፤ አንዱ ከአየር ኃይል፣ አንዱ ከምድር ጦር፣ አንዱ ከሥንቅና ትጥቅ። እያንዳንዱ የራሱን ደብተር ይዟል። የአየር ኃይሉ የትእዛዙን ግልባጭ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በኪሴ ያለው ምን እንደሚል ያወቅኩት ያኔ ነው። «ልከናል» አለ። «አልደረሰንም» አለ የምድር ጦሩ። «ጨርቅ የጠየቀን የለም» አለ ሦስተኛው። መቃብሩ አጠገብ ቆመው ተሰዳደቡ፣ ጥፋቱ የሌላው መሆኑን እያንዳንዱ በደብተሩ ጻፈ፣ ወረዱ። መልእክተኛው የት አለ ያለ የለም። ጨርቁን ማን ዘረጋው ያለም የለም። አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ ወረቀቱ ከኪሴ በወጣ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ወታደሮቹ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። ጨርቁን የዘረጋው ማን ነው? ቡዳው። ከሟቹ ጋር ይበላ የነበረው ማን ነው? ቡዳው። ዱላ አነሡ። ሲደበድቡኝ የተሰማኝን ልናገር፤ ለልጆቼ ያልነገርኩትም ይህን ነው። እፎይታ ነው የተሰማኝ። ባላደረግኩት ስለተቀጣሁ ያደረግኩትን መናገር ቀረልኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ምንጭ ውስጥ ጣልኩት። ጊዜ ጠብቄ ወደ ሱዳን ከዳሁ፣ ከዚያም የቡዳውን ታሪክ ብቻ ይዤ እዚህ ገባሁ። እዚህ አገር ያ ታሪክ ይወደዳል። ልጄ በትምህርት ቤት ተርካው አስለቅሳበታለች። ለመኮንንነት ስታመለክትም ስለሱ ጽፋለች።

የጥናቱ ቀን የተደረገው እዚሁ ፔታ ቲክቫ፣ በፋብሪካዎቹ ሠፈር ባለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ምሥጢር ነው ብለው ጠዋት የገቡትን ሁሉ ስልካቸውን ሰብስበዋል፤ እኔን ምሥጢሩ ካለቀ በኋላ ከምሳ ጋር አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የትናንት ሙሽሮች ስም በአበባ ተጽፎ ቀርቷል። መኮንኖቹም እንደ ሠርገኛ ነው የተቀመጡት፤ አረንጓዴ የለበሰው ምድር ጦር በአንድ ወገን፣ ሰማያዊው አየር ኃይል በሌላ ወገን፣ ነጭ ለባሾቹ የባሕር ሰዎች በር አጠገብ፣ ሳይጠሩት እንደመጣ ዘመድ። ስለ መቀናጀት ሊያወሩ የመጡ ሰዎች ለሰላጣ እንኳ ብለው አንዱ ወደ አንዱ ጠረጴዛ አልሄደም።

ከኔ በፊት አንድ ሌተና ኮሎኔል ወጣና ስክሪኑ ላይ ብዙ ቀስት አሳየ። ስለ አንድ ምሥጢር ያልሆነ ልምምድ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። አየር ኃይሉ ዒላማው መለወጡን በኮምፒውተር ልኳል። መልእክቱ ምድር ጦሩ ዘንድ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ሰው በማይቀመጥበት ስክሪን ላይ ነው። በዚያ ያለፈ አንድ ሰው ሳያነበው «በሰደር»፣ ማለትም «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሄዷል።

«ልከናል» አለ ከሰማያዊዎቹ አንዱ።

«አልደረሰንም» አለ አረንጓዴው።

«እኛን የጠየቀን የለም» አለ ነጩ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ስንት ዓመት፣ ስንት አገር፣ ስንት ኮምፒውተር አልፎ ሦስቱ ሰዎች እነዚያው ናቸው። ደብተራቸው ብቻ ተለውጧል። በነሱ ልሥቅ ፈለግኩ፤ ግን ቁልፉን ተጭኖ የሄደው እኔ ነኝ።

ተጠራሁ። ዕብራይስጡ ሲያቅተኝ እንድታግዘኝ ልጄ አጠገቤ ቆመች። ሁለት ገጽ አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ቡዳው ጋ ስደርስ ፊት ለፊቴ ያሉት አንገታቸውን ዘመም አድርገው ሊያዝኑልኝ ተዘጋጁ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው የኖርኩት እንጀራ ነው። አላስቻለኝም። ወረቀቱን አጠፍኩት። ዕብራይስጡ ከአፌ ጠፋ፣ በአማርኛ ተናገርኩ።

«ትእዛዙ ደርሶ ነበር» አልኩ። «በኪሴ ነበር። ማንበብ አልችልም ለማለት አፍሬ እሺ ብዬ ያዝኩት። ሰዎቹ የሞቱት በዚያ ነው።»

ልጄ አልተረጎመችም። አዳራሹ እሷን ይጠብቃል። ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ፣ ያውም ቀስ ብላ፣

«አባ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«ልበለው?»

«በይው።»

አለችው። እንደ ሪፖርት ነው ያለችው። ወደኔ ግን አላየችም።

ከሰማያዊዎቹ ጠረጴዛ አንዱ «እንግዲያው ደርሶ ነበር!» አለ፣ የራሱ ክስ የተዘጋለት ይመስል። «አየር ኃይሉ ሥራውን ሠርቶ ነበር ማለት ነው።» አረንጓዴው ሰውዬ «ማንበብ የማይችል ሰው እዚያ ቦታ መመደብ የለበትም» አለ። ነጩ «ትክክል» አለ። ኮሎኔሉ ስክሪኑ ላይ «የሰው ስህተት» ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱም ወገን ራሱን ነቀነቀ። ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ነገር ያልተስማሙ ሦስት ጦሮች በኔ ላይ ተስማሙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይል ነበር አባቴ። ቅንጅቱ ተሻሻለ፤ ቢያጨበጭቡ ምንም አልነበረበትም።

«ጥያቄ አለኝ» አለች ልጄ። ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ለአዳራሹ ነው። «ያን ትእዛዝ የላከው፣ ተቀባዩ ምን እንደተረዳ መልሶ እንዲነግረው አድርጓል? ቀዩ ጨርቅ ጋራው ላይ መድረሱን ያረጋገጠ አለ? ሳያረጋግጥ አውሮፕላን ያስነሣው ማን ነው? እኛስ በልምምዱ ያን ቁልፍ የተጫነው ማን እንደሆነ እናውቃለን?»

ኮሎኔሉ ሰዓቱን አየና «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በዕረፍት እንወያይበታለን» አለ። በዕረፍቱ ኬክ መጣ። እያንዳንዱ በየጠረጴዛው በላ።

ወደ ባቡሩ ፌርማታ አብረን ሄድን። ክንዴን አልያዘችም።

«ለምን ቡዳውን ብቻ ነገርከን?» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ ነው።

«ቡዳውም እውነት ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ለቡዳው ሰው ያዝንልሻል። ለወረቀቱ ይሥቅብሻል። አላየሽም?»

«አልሣቁም፣ አባ። ጻፉ።»

«ያው ነው።»

«እኔስ? እሥቅብህ ነበር?» አለችኝ። «መኮንን የሆንኩት በዚያ ታሪክ ነው። ፊርማዬ አለበት።»

ባቡሩ መጣ፣ ተሳፈረች። «ልብስሽ ቤት ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል እኮ» አልኳት። ለመሰናበቻ የመጣልኝ ይህ ብቻ ነበር። በሩ ተዘጋ።

ሁለት ሰንበት አልመጣችም። ሚስቴ ምን አደረግካት አለችኝ፤ ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው «ለዚህ ነው እንዴ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ኪስህን የምትዳብሰው?» አለች። እንደምዳብሰው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ረፋድ ላይ ልጄ ከረጢቷን ይዛ ገባች። ልብሱን ወደ ማሽኑ አልወሰደችም። ከኩሽናው ጠረጴዛ ወንበር ሳበችና «ተቀመጥ» አለችኝ፤ አባቷን። ደብተር አወጣች። በነሱ ጦር ጥፋት ሲደርስ የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ እያሉ ያለ ይሉኝታ ይጠይቃሉ። ልታደርግብኝ የመጣችው እሱን ነው።

«መልእክተኛው ስንት ሰዓት ደረሰ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከምሳ በኋላ።»

«አለቃህን ለምን አልቀሰቀስከውም?»

«ወባ ነበረበት።»

«ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም።»

«ጸሐፊው አለመመለሱን ስታይ ምን አደረግክ?»

«ጠበቅኩ።»

«በሌላ ምሽግ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ነበር?»

ሚስቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ይህን ለራሴም ጠይቄው አላውቅም፤ ማለት፣ እየመጣ ስሸሸው ነው የኖርኩት።

«ነበር» አልኩ። «አንድ ተማሪ የነበረ ወታደር።»

«ምን ያህል ይርቃል?»

«አንድ ሲጋራ ተጭሶ ሳያልቅ ይደረሳል።»

«ለምን አልሄድክም?»

«ማንበብ እንደማልችል እንዳያውቅብኝ።»

አንገቷን ሳታነሣ ጻፈች። አይዞህ አላለችኝም። ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ጊዜው ነው፣ ዘረኞች ነበሩ፣ አንዱንም አላለችም። እነዚያ ሦስት መኮንኖች በመቃብሩ አጠገብ ያላደረጉትን እሷ በኩሽና አደረገችው፤ ስትጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማንም ላይ ያልጣልኩት ጥፋት በእጄ ቀረ። ከባድ ነው። ግን የኔ ነው።

«የደባርቁ ሰው ቤተሰብ ነበረው?» አለችኝ።

«ሚስት ነበረችው።»

«እንዴት እንደሞተ የነገራት ሰው አለ?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም» አልኩ። እሱንም ጻፈችው።